የአልጣሽ ማቀዝቀዣ ብርጭቆ

አልጣሽ ወልደ ሚካኤልን ያወቅኋት በ1970 ዓ.ም. ነው። አሰላ፣ ከከተማው ወደ ጭላሎ በኩል ከፍ ብሎ በተሠራው የአፈርና የእህል ምርመራ ላቦራቶሪ ውስጥ በሚዛን ክፍል ተቀጥሬ ስገባ እሷ እዚያ ዓመታት አስቆጥራ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምጿን የማታነሳ ሴት ነበረች። ብርዱን ስለማትችለው ከነጭ ካፖርቷ ሥር ሁልጊዜ ወፍራም ሹራብ ትለብሳለች፤ እጅጌው እሳት እንዳይነካባት እስከ ክርኗ ትሰበስበዋለች።

ትውልዷ ሮቤ ነው። አያቶቿ ከሸዋ መጥተው አርሲ ከሰፈሩት ወገን ስለነበሩ አባቷ አቶ ወልደ ሚካኤል መሬት ነበራቸው። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ከቤታቸው ዙሪያ በቀር ሌላው ሄደ። አልጣሽ ስለዚህ ነገር ብዙ አታወራም። አንድ ቀን ብቻ ምሳ እየበላን ሳለ፣ "አባቴን የጎዳው መሬቱ መሄዱ አይመስለኝም። ጠዋት ተነስቶ የሚሠራው ነገር ማጣቱ ነው" አለችኝ። እሷ የምትሠራው ነበራት። አዲስ አበባ በላቦራቶሪ ቴክኒሺያንነት ተምራ፣ ወደ አገሯ ልመለስ ብላ ለምና የተመደበች ናት።

ሥራዋ እንዲህ ነበር። ገበሬ ማኅበራቱና የመንግሥት እርሻዎቹ ከጮሌ፣ ከዴራ፣ ከሮቤ አፈር በከረጢት ይልካሉ። አፈሩ ምን ያህል ናይትሮጅን እንዳለው ለማወቅ በአሲድ ይቀቀልና እንደገና ይፈላል፤ እንፋሎቱ ቀዝቅዞ ጠብ ጠብ እያለ ይጠራቀማል፤ የተጠራቀመው ይለካል። አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። አረቄ ላይ ትንሽ እንፋሎት ቢያመልጥ የሚጎዳ የለም። እዚህ ግን የሚለካው ራሱ እንፋሎቱ ይዞት የሚመጣው ነገር ነው፤ ካመለጠ ውጤቱ ውሸት ይሆናል።

እንፋሎቱን የሚያቀዘቅዘው ዕቃ ኮንደንሰር ይባላል። አንድ የብርጭቆ ቱቦ በሌላ ሰፋ ያለ ቱቦ ውስጥ ገብቶ ጫፍና ጫፉ የተበየደ ነው። በውስጠኛው እንፋሎት ያልፋል፣ በውጨኛው ቀዝቃዛ ውሃ ይፈሳል። ውሃው ሥራው እስኪያልቅ ሳያቋርጥ ከቧንቧ እየገባ ወደ ፍሳሽ መሄድ አለበት። ላቦራቶሪውን ያቋቋሙት የውጭ አገር ሰዎች ዕቃውን ያመጡት ቧንቧቸው ከማይቋረጥበት አገር ነበር። አብዮቱ ከመጣ በኋላ እነሱ ሄዱ። ኮንደንሰሮቻቸው ቀሩ፣ እነዚያም አንድ በአንድ እየተሰበሩ ተመናመኑ። የአሰላ ቧንቧ ደግሞ በበጋ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይጠፋል።

በ1974 የካቲት ከዴራ ብዙ አፈር መጣ። ዴራ ቆላ ነው፣ ዝናቡ አይታመንም፤ ገበሬዎቹ ማዳበሪያ አቃጠለብን እያሉ ስለነበር ውጤቱን የሚጠብቅ ሰው ነበር። አልጣሽ ያሉትን ኮንደንሰሮች ሁሉ ደርድራ እሳቱን ለኮሰች። ማፍላቱ እኩሌታ ላይ ሲደርስ ቧንቧው አንዴ አንኮራፍቶ ዝም አለ። እሳቱን ለማጥፋት ስትሮጥ ክፍሉ ዓይን በሚያቃጥል ሽታ ተሞልቶ ነበር። አንዱ ብርጭቆም ግሎ ኖሮ ተሰነጠቀ።

የላቦራቶሪው ኃላፊ አቶ ገብረ መድህን ቢሮ አብረን ገባን። ሽበታም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ በዘመናቸው ጥሩ ኬሚስት የነበሩ ሰው ናቸው።

"ጋሽ ገብረ መድህን፣ የዴራው አፈር ተበላሽቷል። ውሃው መሃል ላይ ሄደ" አለቻቸው።

"ድገሚዋ።"

"የሚደገም የለም። የላኩት ትንሽ ነበር፣ አልቋል።"

መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። "የአምና የዴራ ውጤት አለ አይደል? እሱን ተመልክተሽ የሚቀራረብ ቁጥር ጻፊ።"

"እሱ ሌላ ማሳ ነው።"

"ልጄ፣ ሪፖርቱ ሰኞ ይፈለጋል።"

"እርስዎ ኬሚስት ነዎት፤ ይህን እንዴት ይሉኛል?"

"ነበርኩ" አሉ። አልተቆጡም። ቢቆጧት ይሻላት ነበር መሰለኝ።

አልጣሽ ከእያንዳንዱ የዴራ ማሳ ስም ፊት "አልተለካም" ብላ ጻፈች፤ ሪፖርቱም እንደዚያው ሄደ። አዲስ ኮንደንሰር እንዲገዛ ሲጠየቅ የውጭ ምንዛሪ የለም የሚል መልስ መጣ። ቧንቧ እንዳይቋረጥብን ሲጠየቅ ደግሞ ምንም መልስ አልመጣም።

ከአውቶቡስ መናኸሪያው በስተጀርባ ባለው ጋራዥ ከዲሮ ቱሳ የሚባል የጋዝ በያጅ ነበር። በወጣትነቱ አዲስ አበባ የኒዮን መብራት በሚሠራ ቤት ተቀጥሮ፣ ለየመጠጥ ቤቱና ለየሲኒማው የብርጭቆ ቱቦ በእሳት እያጎበጠ ፊደል ይሠራ ነበር። አብዮቱ ሲመጣ የመብራት ማስታወቂያ የሚያሠራ ጠፋ፤ ቤቱ ተዘጋ፣ ከዲሮም አገሩ ተመልሶ ብረት መበየድ ጀመረ። አልጣሽን የሚያውቃት ለጋራዡ የባትሪ ውሃ ከላቦራቶሪው ሊወስድ ሲመጣ ነው። የተሰነጠቀውን ኮንደንሰር ይዛ ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት።

ከዲሮ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስቶ አገላበጠው። "ይሄ የኒዮን ብርጭቆ አይደለም" አለ። "የኒዮኑ ለስላሳ ነው፣ ቶሎ ይቀልጣል። ይሄ ጠንካራ ነው። ሁለቱን ካገናኘሃቸው ደግሞ ሂን ታኡ፣ አይሆንም፤ ሲቀዘቅዙ ይለያያሉ።"

"ስንጥቁን መድፈን ብቻ ነው የምፈልገው።"

"ብደፍነውስ፣ ውሃው ነገ መልሶ አይሄድባችሁም?"

በዚያ ቀን ጋራዡ ግቢ ውስጥ ሆዱ የተከፈተ አሮጌ ትራክተር ቆሞ ነበር። ከዲሮ የራዲያተሩን ቀዳዳ እየደፈነ ስለነበር ሥራውን እየቀጠለ ያወራን ጀመር። "ይህን ሽማግሌ ታያላችሁ? ውሃ መግፊያ ፓምፕ የለውም። ሞተሩ ሲግል ውሃው ራሱ ወደ ላይ ይወጣል፤ ራዲያተሩ ውስጥ ሲቀዘቅዝ ራሱ ወደ ታች ይወርዳል። እስኪያረጅ ድረስ ማንም ሳይገፋው ሲዞር ኖረ።"

አልጣሽ ንግግሩን አስቆመችው። "ድገምልኝ እስቲ፣ ጋሽ ከዲሮ።"

ደገመላት። ከዚያ ወዲያ ስለ ስንጥቁ አላነሳችም።

ለብዙ ሳምንታት በምሳ ሰዓት ስትስል አያት ነበር። አሳቧ ሲገባኝ እንዲህ ነው። ኮንደንሰሩ ከቧንቧ ጋር መያያዙ ይቀራል። ከመስኮቱ ውጭ፣ የጭላሎ ንፋስ በሚመታው በኩል፣ ውሃ የሞላ በርሜል በድንጋይ መደብ ላይ ይቀመጣል። ኮንደንሰሩ ቀጥ ብሎ ይቆማል። እንፋሎቱ ያሞቀው ውሃ በላይኛው አፍ ወጥቶ ወደ በርሜሉ ይመለሳል፤ በእሱ ፈንታ ቀዝቃዛው በታችኛው አፍ ይገባል። አንድ በርሜል ውሃ ቀኑን ሙሉ እዚያው ሲዞር ይውላል። አሰላ የማያጣው ነገር ቢኖር ብርድ ነው።

ችግሩ የነበሩት ኮንደንሰሮች ለዚህ አለመሆናቸው ነው። የውሃ መግቢያና መውጫ አፋቸው ጠባብ ስለሆነ በቧንቧ ኃይል የሚገፋ ውሃ ካልሆነ አያሳልፉም። ስለዚህ አልጣሽ በሥዕሏ ላይ ውጨኛውን ቱቦ አሰፋችው፣ አፎቹን አወፈረቻቸው። ውስጠኛውን ቱቦ ደግሞ ቀጥ ከማድረግ ይልቅ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ያበጠ እንዲሆን አደረገችው፤ እንፋሎቱ መሃል ለመሃል ሽው ብሎ እንዳያመልጥ፣ በየእብጠቱ ግድግዳውን እየመታ እንዲያልፍ።

ሥዕሉን ለአቶ ገብረ መድህን ስታሳያቸው ወደ መስኮቱ አስጠግተው ተመለከቱት። ከዚያ እርሳስ አንስተው ላይኛውን አፍ ዝቅ አደረጉት። "የበርሜሉ ውሃ ሁልጊዜ ከዚህ በላይ መሆን አለበት፤ አለዚያ ዙሩ ይቋረጣል" አሉ። እንደዚያ ተጎንብሰው ሲሠሩ ያየኋቸው ያን ጊዜ ነው። ጠንካራው ብርጭቆ በኦክስጅን እሳት ካልሆነ ስለማይለሰልስ፣ የኦክስጅን ቦምቦላ ከላቦራቶሪው መጋዘን ወጥቶ ለከዲሮ እንዲሰጥም ፈረሙ።

ለመሥሪያ የሚሆነው ብርጭቆ ከስባሪ ተለቀመ። ከተሰበሩት ኮንደንሰሮች፣ ከተሸረፉ መለኪያዎች፣ አንገታቸው ከተቆረጠ ጠርሙሶች። ከዲሮ በዓርብ ከሰዓትና በእሑድ፣ ጋራዡ ሥራ በሌለው ጊዜ፣ በቤቱ ግቢ ይሠራል። ብርጭቆውን በሁለት እጁ እያሽከረከረ በእሳቱ ውስጥ ይይዘዋል፤ ሲለሰልስ በአፉ ይነፋዋል። ጉንጩ አይነፋም፤ ትንፋሹ ከሆዱ ነው የሚመጣው። አልጣሽ አጠገቡ ተቀምጣ መለኪያዋን ይዛ፣ "ትንሽ ሰፋ፣ በቃ" ትለዋለች። ባለቤቱ ከዲጃ ሻይ ታመጣልናለች፤ "ይህ ሁሉ ለአፈር ነው?" ብላ ትስቃለች።

የመጀመሪያው ሲያልቅ የሚያምር ነበር። ጠዋት ግን ለሁለት ተከፍሎ ተገኘ። ሁለተኛውን ትኩስ አመድ ውስጥ ቀበሩት፤ ደህና ወጣ። ላቦራቶሪ ወስደን ገና እንፋሎት ሲገባበት ቀጭ አለና ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ።

ከዲሮ ስባሪውን በጣቱ እየነካ፣ "የኒዮኑ ብርጭቆ ይህን አያደርግም ነበር" አለ። "ይሄ ውስጡ ቂም ይይዛል። ቀስ ብሎ ካልቀዘቀዘ አይለቅም።"

አልጣሽ በተማረችበት መጽሐፍ ውስጥ ያነበበችውን ነገረችው፤ ብርጭቆው ሊቀልጥ ትንሽ እስኪቀረው ድረስ ሙሉውን አግሎ፣ ከዚያ እሳቱን ዘግቶ እዚያው እንዲቀዘቅዝ መተው። የዳቦ ቤት ምድጃ ይህን ያህል አይግልም። ከላቦራቶሪው የፈረሰ አጥር ጡብ ጠይቀው ከዲሮ ግቢ ውስጥ ምድጃ ሠሩ። ሙቀት መለኪያ ስላልነበራቸው አልጣሽ ዘዴ አመጣች። ቀጭን የብርጭቆ ዘንግ ከኮንደንሰሩ ጎን በሁለት ጡብ መሃል ታጋድማለች፤ ዘንጉ በራሱ ክብደት ጎበጥ ማለት ሲጀምር ምድጃው በቂ ግሏል ማለት ነው፤ ያኔ ቀዳዳውን ሁሉ በጭቃ ይመርጉታል። ስንትና ስንቴ ከሰሉ አነሰ፣ ስንትና ስንቴ በዝቶ ብርጭቆው ተጣሞ ወጣ። ክረምቱ ሲገባ ዝናቡ ምድጃውን አፈረሰው፤ እንደገና ሠሩት።

ኮንደንሰሩ በትክክል የሠራው በ1975 ጥቅምት ነው። አቶ ገብረ መድህን፣ ከዲሮ፣ እኔ፣ ሁላችንም አፈሩ በሚፈላበት በማጣሪያው ክፍል ቆምን። አልጣሽ እሳቱን ለኮሰች። ውሃው ፈላ፤ እንፋሎቱ ወደ መጀመሪያው እብጠት ገባ፣ ወደ ሁለተኛው ገባ፣ ከዚያ አላለፈም። ከታች ጠብ አለ። እንደገና ጠብ አለ። ከዲሮ ላይኛውን የጎማ ቱቦ ጨበጠ።

"ሞቀ! ወላሂ ሞቀ! ራሱ እየሄደ ነው!"

አቶ ገብረ መድህን ታችኛውን ነኩት፤ እሱ ቀዝቃዛ ነው። "ቧንቧው ተዘግቷል?" አሉ። "ተዘግቷል" አለቻቸው። አላመኑም፤ ራሳቸው ሄደው ጠምዝዘው አዩት። ጠብታ አልነበረውም። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡና የሚንጠባጠበውን ሲያዩ ቆዩ።

በሚቀጥለው ዓመት ሌሎች ተሠሩ። አልጣሽ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ነገር ታሻሽል ነበር፤ አንዱን አሳጠረችው፣ የሌላውን እብጠት አበዛችው፣ ለመጨረሻው ከበርሜሉ የሚመጣውን አፍ ወደ ጎን አዘነበለችው። የጮሌ አፈር ተለካ። የሮቤ ተለካ። ከዴራ እንደገና አፈር አስላከች፤ ያም ተለካ። "አልተለካም" የሚል ቃል ያልተጻፈበት ሪፖርት ከላቦራቶሪው ወጣ። አልጣሽ ያን ጊዜ ደስተኛ ነበረች ብል ውሸት አይሆንም። ስትሠራ ታንጎራጉራለች፤ ሰው ሲገባ ታቆማለች።

ነሐሴ 1976 ላይ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ዝግጅት ተጀመረ። አንድ ካድሬ ሁለት ሰዎች አስከትሎ በላንድሮቨር መጣ። አቶ ገብረ መድህን ከፊት ሆነው አስገቡት።

"የሠራተኛው ፈጠራ የተባለው ይኼ ነው?" አለ።

አልጣሽ ልታስረዳው ጀመረች፤ በርሜሉን በመስኮት አሳየችው። ራሱን ነቀነቀ። "ጥሩ ነው። ለኤግዚቢሽኑ አዲስ አበባ ይሄዳል።"

"አንዱን ውሰዱት፣ ሌሎቹ ሥራ ላይ ናቸው" አለች።

"ሁሉም ነው የሚሄደው። አንድ ብቻውን ምን ያሳያል? የአርሲ ክፍለ ሀገር ሠራተኛ አንድ ብርጭቆ ነው የሠራው ይባል?"

"ጓድ፣ አፈሩ እየጠበቀን ነው። እባክዎ አንዱን እንኳን ይተዉልን።"

"አፈር የት ይሄዳል?" አለ ካድሬው፤ አብረውት የመጡት ሳቁ። "አሥረኛ ዓመት ግን አንዴ ነው የሚመጣው።"

አልጣሽ ወደ አቶ ገብረ መድህን ዞረች። እሳቸው መስኮቱን ያዩ ነበር። ኮንደንሰሮቹን ራሷ ፈትታ፣ ራሷ በጤፍ ገለባ ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ አስተኛቻቸው። በዓሉ እንዳለቀ ይመለሳሉ ተባለ።

በዓሉ መስከረም ላይ አለቀ። ጥቅምት አለፈ፣ ኅዳር አለፈ። በዚያ ዓመት በሰሜን ሰው በረሃብ ያልቅ ስለነበር ስለ ብርጭቆ መጠየቅ የሚያሳፍር ሆነ። ብትጠይቅም "በሂደት ላይ ነው" ይሏታል። ጥር ላይ ፈቃድ ወስዳ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ሄደች። ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ስትመላለስ ሰንብታ መጨረሻ ላይ አንድ መጋዘን አስገቧት። የባንዲራ ዘንግ፣ በቀለም የተጻፈ ሰሌዳ፣ የጨርቅ አበባ እላይ በላዩ ተከምሯል። የእሷ ሣጥን ከታች ነበር። የብረት መቆሚያው ተጣሞ፣ ብርጭቆው ደቅቆ አገኘችው። በላዩ የተንጠለጠለው ጽሑፍ፣ "ዘመናዊ የወተት ማቀዝቀዣ፣ ከአርሲ ክፍለ ሀገር ሠራተኞች" ይላል።

ስትነግረኝ አልሳቀችም፤ እኔም አልሳቅሁም። "አምስት ቀን ሙሉ ሰው እያለፈ ወተት ማቀዝቀዣ ነው ብሎ አይቶታል" አለች።

ስባሪውን አልጣለችውም። በነጠላዋ ቋጥራ አሰላ አመጣችውና በቀጥታ ከዲሮ ዘንድ ሄደች። ከዲሮ መሬት ላይ ዘርግቶ ትልልቁን ከትንንሹ ለየ።

"ከዚህ አንድ ይወጣል። ብንጠነቀቅ ምናልባት ሁለት" አለ። "ግን ኦክስጅኑስ?"

ኦክስጅን አልነበረም። በየጋራዡና በየመጋዘኑ ያለው ቦምቦላ ለጦሩ ጥገና ተሰብስቦ ነበር። ጠበቁ። አልጣሽ በየወሩ ማመልከቻ ታስገባለች። እስከዚያው ከዲሮ በለስላሳው የኒዮን ብርጭቆ፣ ኦክስጅን በማይፈልገው እሳት፣ አያያዙን ያስተምራት ጀመር። "እጅሽ ይፈራል፣ እታለም። ብርጭቆው ሲለሰልስ ትቆሚያለሽ፤ ያኔ ነው መዞር ያለበት" ይላታል። ጣቶቿ ተቃጥለው በፋሻ ታስረው ሥራ የገባችበት ጊዜ ብዙ ነው።

በ1978 መጨረሻ ላይ የቀበሌው ሊቀመንበር ከዲሮን አስጠራው። ብየዳ የሚችሉ ሰዎች ለእናት አገር ጥሪ ይፈለጋሉ፤ ሰሜን ሄደው ታንክና መኪና ይጠግናሉ፤ ለጥቂት ወር ነው። ዕድሜው ለውትድርና አልፎ ነበር፤ ሙያው ግን አላለፈም።

የሚሄድ ዕለት ጠዋት መናኸሪያው ላይ ልንሰናበተው ሄድን። ከዲጃ ልብሱን የያዘውን ፌስታል በደረቷ አቅፋ ቆማለች። ከዲሮ ሊያጫውተን ይሞክር ነበር።

"እዚያ ኦክስጅን በሽ ነው አሉ" አለ ለአልጣሽ። "አንድ ቦምቦላ ሰርቄ ብመጣ ምን ትይኛለሽ?"

"አንተ ብቻ ና" አለችው።

"ምድጃውን ዝናብ እንዳያፈርሰው። ከዲጃ ቆርቆሮ ታልብሰው፤ አንቺም እያየሽ። እጅሽን ደግሞ አታቁሚ፣ አዙሪ፣ አዙሪ።" በእጁ አሳያት፤ ባዶ እጁን በአየር ላይ እያሽከረከረ። የመኪናው ረዳት ስሙን ጠራ፤ ከዲሮ ገባ።

ከኤርትራ አንድ ጊዜ በሰው ሰላምታ ልኳል። ከዚያ በኋላ ዝም አለ።

ኦክስጅኑ የመጣው እሱ ከሄደ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። አልጣሽ ማመልከቻ ማስገባቷን አላቋረጠችም ነበር። ቦምቦላውን በጋሪ አስጭና ወደ ከዲሮ ግቢ ወሰደች። ከዲጃ በሩ ላይ ቆማ ስታይ፣ እኔ ከሰሉን ሳቀጣጥል፣ አልጣሽ የቀረውን ደህና ብርጭቆ አንስታ እሳቱ ውስጥ አስገባችው። የመጀመሪያውን እብጠት አወጣችው፤ ከዲሮ ቢያየው ያሾፍበት ነበር እንጂ እብጠት ነው። ሁለተኛው ላይ እጇ ቆመ። ብርጭቆው ተዘረገፈና ተጣበቀ። ሌላውን አነሳች። ከዚያ ሌላውን። ከሰዓት በኋላ ለኮንደንሰር የሚበቃ ቁራጭ አልቀረም። እሳቱን አጠፋች፤ መጥረጊያ ተቀብላ ግቢውን ጠረገች፤ ከዲጃ "ተይው፣ እኔ እጠርገዋለሁ" ብትላትም እምቢ ብላ እስከ መጨረሻው ጠረገችው።

በ1980 የማዳበሪያ ስብሰባ ላይ አቶ ገብረ መድህን ታመው ስለነበር እሷና እኔ ተላክን። አንድ የክፍለ ሀገሩ ግብርና ኃላፊ ለየወረዳው የሚሰጠውን ያነብ ነበር። ለጮሌውም ለዴራውም በሄክታር አንድ ዓይነት ነው። አልጣሽ እጇን አነሳች።

"ዴራ ቆላ ነው፤ አፈሩም ሌላ ነው። እንዴት አንድ ይሆናል?"

"ጓዲት፣ ኮታው ከላይ ነው የሚመጣው።"

"አፈሩን ስለማንለካላችሁ ነው?"

ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ በትሕትና ነው የመለሰላት። "አይደለም። ብትለኩም ባትለኩም ያው ነው።"

"በ1976 ለክተን ልከን ነበር። የዴራውንም ጭምር።"

"አስታውሳለሁ፣ ጥሩ ሪፖርት ነበር። ያን ዓመትም በኮታው ነው የተከፋፈለው። ሁልጊዜም እንደዚያ ነው።"

አልጣሽ ተቀመጠች። ስብሰባው ሲያልቅ በእግራችን ወደ ላይ ወጣን። የላቦራቶሪው በር ጋ ስንደርስ፣ "ከዲሮ ይህን ባይሰማ ይሻላል" አለች። በዚያው ሰሞን ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት እንድትዛወር ጠየቀች፤ ተፈቀደላት። አሮጌ ጎማና ባዶ ጠርሙስ ስትረከብና ስታስረክብ ዓመታት አለፉ። የማጣሪያው ክፍል የማዳበሪያ ከረጢት ማስቀመጫ ሆነ። አቶ ገብረ መድህን ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ሲቀራቸው ሞቱ።

ግንቦት 1983 ጦሩ ሲበተን ወታደሮቹ በዴራ በኩል ወደ አሰላ መውጣት ጀመሩ። አንዳንዱ ጫማ የለውም፣ አንዳንዱ ካፖርቱን በገመድ ታጥቋል። ከዲጃ ከመንገዱ ዳር ቆማ ዋለች፤ አልጣሽም አብራት ቆመች። እኔም ደርሼ አየኋቸው። የሚያልፈውን ፊት ሁሉ አንድ በአንድ ያያሉ። ከዲጃ በኦሮምኛም በአማርኛም ትጠይቃለች፤ "በያጅ ነው፣ ከዲሮ ቱሳ ይባላል፣ የአሰላ ሰው።" አንድ ፊቱ የቆሰለ ወታደር ቆም ሲል የሚያውቀው መስሏቸው ሁለቱም ተጠጉት። የቆመው ውሃ ፈልጎ ነው። ሰጡት፤ ጠጥቶ አመሰገነና ሄደ።

ማግስቱንም ቆሙ፤ ከዚያም በኋላ። የሚያልፈው ሰው እየሳሳ ሄዶ አቆመ። የመጣ መርዶ ስለሌለ ከዲጃ ልታለቅስም ለቅሶ ልትቀመጥም አልቻለችም፤ ሰው "ይመጣል" ሲላት "ኢንሻአላህ" ትላለች፤ ድምጿ ውስጥ ግን ምንም የለም።

አልጣሽ ሐምሌ ላይ ሥራዋን ለቃ ሮቤ ገባች፤ አባቷ ዓይናቸው ጠፍቶ የሚይዛቸው ሰው አልነበረም። ከመሄዷ በፊት ልረዳት ቤቷ ሄጄ ዕቃ ስናስር፣ ጊዜው ተለውጧልና የኮንደንሰሩን ሥዕል ለአዲሶቹ ሰዎች ብታሳዪው ምን ይመስልሻል አልኳት።

"ማን ይሠራዋል?" አለች።

"ሰው አይጠፋም።"

አልጋዋን የምታስርበትን ገመድ ጠበቅ አድርጋ ቋጠረችውና፣ "እስቲ በዚያ በኩል ያዝልኝ" አለችኝ። ያዝኩላት። ጋሪው መጥቶ ዕቃውን ጫንን፤ እሷ ከፊት ከባለጋሪው ጎን ተቀመጠች፤ ወደ መናኸሪያው ወረዱ።